አባወራዎቹ ፈርመዋል

ቆይ... ቆይ ፀዳለ፣ መጀመሪያ ስቄ ልጨርስ። ጎኔን ወጋኝ እኮ። ከቅዳሜ ጀምሮ በሳቅኩ ቁጥር እዚህ ጋ ይወጋኛል፤ ልጆቼ ሐኪም ቤት እንውሰድሽ እስኪሉኝ ድረስ። ሐኪሙን ምን ልለው ነው? ስብሰባ ሄጄ ነው የታመምኩት ልበለው? አንቺ ሐዋሳ ተቀምጠሽ ያመለጠሽ ነገር... ዋናው ደግሞ መጨረሻው ላይ ነው፤ እሱን ሳትሰሚ ከዚህ ወፍጮ ቤት ንቅንቅ እንዳትዪ። ብትነቃነቂስ የት ትሄጃለሽ? መብራቱ ሄዷል፣ ጤፍሽ በማዳበሪያው እንደታሰረ ነው፣ ከፊትሽ ስድስት ሰው ተሰልፏል። ጀይላንም ወፍጮው ዝም ሲልበት ከጉልበቱ ላይ ዱቄት እያራገፈ ተቀምጧል። አንተም ስማ ጀይላን። ሐሜት እንዳይመስልህ፣ ሰው ላመሰግን ነው።

እና እንዴት ከረምሽ? ወዝሽ መጥቷል፣ ዓሣው ተስማምቶሻል። እህትሽ ደህና ናት? ልጆቹስ? ባለቤቷስ... እሱም ደህና? ሰሞኑን አላየሁትም። በጓሮ በር ይወጣል፣ በጓሮ በር ይገባል ይላሉ። ጉንፋን ይሆናል። ጉንፋን የያዘው ሰው ሰው ፊት መቆም አይወድም፤ እኔም እንደዚያው ነኝ።

እሱን ተይው። እኔ የማወራሽ ስለ ሌላ ሰው ነው። ስም አልጠራም። ስም መጥራት ስንት ነገር እንደሚያመጣ ቅዳሜ ዕለት አይቻለሁ።

የእድራችንን ጸሐፊ ማለቴ ነው። እንደሱ ያለ ጸሐፊ ኖሮን ያውቃል? እኔ እንደምታውቂኝ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ ግን የሱን ጽሕፈት ሳይ የታተመ መጽሐፍ ይመስለኛል። የፊተኛው ጸሐፊ ጋሽ ተክለብርሃን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዶሮ የጫረችው ነበር የሚመስለው። በዚያ ላይ ክፉ ልማድ ነበረበት፤ ለቅሶ አይቀርም። ድንኳን ሲተከል ካስማ ይመታል፣ ሬሳ ሲወጣ ከፊት ሆኖ ይሸከማል፣ ሠልስት ድረስ ቁጭ ነው። ስንት ጊዜውን አባከነ መሰለሽ? የአሁኑ እንደዚያ አይደለም። ሁለት ዓመት ጸሐፊ ሆኖ አንድ ቀብር ላይ አላየሁትም። ምን ሊያደርግ ይመጣል? መዝገቡ እጁ ላይ ነው፤ ማን እንዳለ መዝገቡ ይነግረዋል። ደግሞም አንጀቱ ስስ ነው፣ የሰው እንባ ማየት አይችልም። እንደዚያ ያለውን ሰው መረዳት ነው እንጂ።

መዝገቡን ካነሳሁ አይቀር... አንቺ ገና ትዳር አልያዝሽምና ላታውቂው ትችያለሽ። በእኛ እድር የሚጻፈው የአባወራው ስም ነው። አባወራው ሲሞት ሚስቱ ትተካለች፤ ስሙ ግን አይፋቅም፣ በሱ ስም ነው የምትቀጥለው። ጋሽ ተክለብርሃን «ስሙንም ከፋቅኩት ሁለት ጊዜ ሞተ ማለት ነው» ይል ነበር። የኔ ምንያህል ካረፈ ጥቅምት ላይ ስድስት ዓመት ሞላው። በእድሩ ግን እስከ ዛሬ አባል ነው። የወሩ እሑድ ላይ ዳኛው «ምንያህል» ብለው ሲጠሩ «አቤት» የምለው እኔ ነኝ። ጸሐፊያችን ቀና ሳይል ምልክት ያደርጋል። ምን ብሎ ቀና ይላል? በወንድ ስም በሴት ድምፅ «አቤት» ሲባል ሰምቶ፣ ባልየው ሥራ ላይ ነው ብሎ ያልፋል። ጨዋ ነው፣ አይጠይቅም። እኔ ደግሞ ደስ ይለኛል። በወር አንድ ጊዜ ስሙን ጮክ ብሎ የሚጠራልኝ ሰው ሌላ የት አገኛለሁ?

እሺ፣ አሁን ወደ ተራራው ልውሰድሽ። አንድ ድርጅት መጣ። ስሙ እንግሊዝኛ ነው፣ አልያዝኩትም። የሚፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ከሰፈራችን በላይ ያለውን የየካን ተራራ ደረቱን ከፍቶ፣ በድማሚት እያፈረሰ ድንጋይ ማውጣት ብቻ። የድንጋይ ካባ። ጽዱ ይነሳል፣ ባሕር ዛፉ ይነሳል፣ አፈሩ ይነሳል፣ ከዚያ... ጉድጓድ ይቀራል። ጉድጓዱን ለእኛ ይተውልናል፣ ስስታም አይደለም። ምንጩስ አትዪኝም? ምንጩማ ወደ ቀበና መውረዱን ይተዋል። አርጅቷል፣ ይረፍ እንጂ። ከተራራው ሥር ያሉት ቤቶችም ድማሚቱ በተተኮሰ ቁጥር ግድግዳቸው ትንሽ ይሰነጠቃል፤ ነፋሻማ ቤት ማን ይጠላል?

ግን ደኑ ጥብቅ ነው አይደለም ወይ ትይኝ ይሆናል። ነው እንጂ። ለኔ ነው የምትነግሪኝ? አሥራ አንድ ክረምት እዚያ ችግኝ ጣቢያ ሠርቻለሁ። እዚያ ዳገት ላይ ቀጥ ብሎ የምታዪው ጽድ፣ ኮሶው፣ ወይራው፣ ሲፈላ ጀምሮ በነዚህ እጆች አፈር የለበሰ ነው። ጥፍሬ ውስጥ የገባው አፈር እስከ ዛሬ አልወጣ ብሎኛል፤ አየሽው? ይኸ የወፍጮ ዱቄት አይደለም። ጽድ ደግሞ የምታውቂው ነው፣ እንደ ሰነፍ ልጅ ነው፤ ሦስት ዓመት ውሃ አጠጥተሽው እስከ ጉልበትሽ አይደርስም። አሁን ከኔ በልጠዋል። አንዳንዱ ላይ ቆሜ ቀና ብዬ ሳየው አንገቴን ያመኛል። ይኸን ሁሉ በአንድ ሳምንት ጠርገው ሊገላግሉን ነው። ለአንገቴ አስበው መሆን አለበት።

ምንያህል ደግሞ የዚያ ደን ጠባቂ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት። ደንቆሮ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ መንገድ ላይ የወደቀ ጭራሮ ለቅሜ አሰርኩ። የወደቀ ነው፣ አልቆረጥኩም። ኬላው ጋ ስደርስ ማን ቆሟል? ባሌ። «ፍቺው» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። «ይፍቱት፣ ወይዘሮ» አለኝ። ወይዘሮ... አሥራ አራት ዓመት አንድ ብርድ ልብስ የለበሰችውን ሴት። ፈታሁት። ጭራሮውን አንድ በአንድ መልሶ ጫካው ውስጥ በተነውና «አፈር ይሆናል» አለኝ። ያን ሰሞን ሁለታችንም በብርድ ተንቀጠቀጥን። አየሽ ያልተማረ ሰው? ያልተማረው ጭራሮ ይከለክላል፤ የተማረው ተራራ ይፈቅዳል።

የፈቀደበት መንገድ ነው ደግሞ ጥበቡ። ሕጉ የአካባቢው አባወራ ካልተስማማ ወረቀቱ አይንቀሳቀስም ይላል አሉ። ድርጅቱ ሰው ፈለገ። ማንን ያግኝ? የሰፈሩን ስም ሁሉ በእጁ የያዘውን። «አስተባባሪ» አሉትና ቢጫ ሄልሜት ሰጡት። ያ ቆንጆ ሄልሜት። አንቺ ሳትሄጂ ነው የተሰጠው፤ አይተሽዋል አይደል? ሱቅ ሲሄድ ያደርገዋል፣ ሲግናል ፌርማታ ታክሲ ሲሰለፍ ያደርገዋል። ገና አንድ ጠጠር ሳይነሳ። ሰው ሳቀበት፣ እኔ ግን ጥንቃቄውን ወደድኩለት። ራስ ላይ ምን እንደሚወርድ ማን ያውቃል?

መጀመሪያ በር ለበር ዞረ። አይካድም፣ ሞክሯል። ሐቢባ በሩን ከፍታ አዳመጠችውና «ልጄ፣ ምንጩን ለማን ትተህ?» ብላ መልሳ ዘጋችው። ይድነቃቸው፣ ያ ጫማ ሰፊው፣ «እኔ ቤት ግድግዳው የቆመው በጸሎት ነው፣ ድማሚት አይችልም» አለው። በሳምንት ውስጥ ስንቱ ፈረመለት? አራት ሰው። ከአራቱ ሁለቱ በሳምንቱ ቤት ለቀው የሄዱ ተከራዮች። ሌላው ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። የኛ ጸሐፊ ግን ቤቱ ገባ፣ የእድሩን መዝገብ ዘረጋ... ከዚያ በአንድ ከሰዓት መቶ አሥራ ሰባት አባወራ ተስማማ። በር ሳይንኳኳ። ውሻ ሳይጮህ። ይኸን ነው ሥራ የምለው።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሽ ተጠራን። «የሕዝብ ምክክር» ይላል ወረቀቱ። ድርጅቱ ለሁሉም ሰው የታሸገ ውሃ አስቀምጧል። አሰብኩት... ምንጩን ሊደፍን የመጣ ሰው ውሃ ሲያጠጣን፣ እንዴት ያለ ደግነት ነው? ሁለት ጠጣሁ። ከአካባቢ ጥበቃ የመጣችው ደግሞ አንዲት ልጅ ናት፣ ሶሬቲ ትባላለች፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ካንቺ ብትበልጥ በሁለት ዓመት ነው። ጸሐፊያችን ሄልሜቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ተነሣና «የአካባቢው ነዋሪ ልማቱን በአንድ ድምፅ ተቀብሏል፣ ፊርማው ይኸው» ብሎ ዘረጋላት። አንድ ድምፅ ሲል በጎን በጎን ተያየን። የማን ይሆን ድምፁ?

ልጅቷ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው። «ጽሕፈቱ ያምራል» አለች። እሱም ደስ አለው። «ሁሉም በአንድ ዓይነት እስክሪብቶ ነው የፈረሙት?» አለች። «አዎ፣ የኔን ነው ያዋስኳቸው» አላት። ለጋስነቱን አየሽ? ከዚያ «እንግዲህ ስም ልጥራ፣ የፈረማችሁ ቁሙልኝ» አለች። እሱ ፈጠን ብሎ «ሥራ ላይ ናቸው፣ ብዙዎቹ አልተመቻቸውም» አለ። እውነቱን ነው፣ አልዋሸም። አልተመቻቸውም።

የመጀመሪያው ስም ሐጂ ዱቤ ነበሩ።

 ሐቢባ ከኔ አጠገብ ነበረች፤ ስትነሣ ወንበሩ ጮኸ። «ባለቤቴ ናቸው» አለች። ልጅቷ «እርሳቸው የት አሉ፣ እናቴ?» አለቻት። ሐቢባ ሄዳ ወረቀቱን አየችው። ብዙ አየችው። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ዱቤ ፊደል አያውቅም ነበር፤ አውራ ጣቱን ነበር የሚያስረግጠው። ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ እዚያ ሄዶ ጽሕፈት ተማረ።»

ሰው ለመሳቅ ፈራ እኮ።  ልጅቷ ሁለተኛውን ጠራች። «አቶ ምንያህል።»

እኔ ደግሞ ልማድ ሆኖብኝ «አቤት» አልኩ።

ከአፌ አመለጠኝ። ስድስት ዓመት ያልኩት ነገር ነው። እሷም እንደማንኛውም ሰው «ፈርመዋል?» አለችኝ። ሄጄ አየሁት። ፀዳለ፣ እኔ ብዙ ማንበብ አልችልም፤ የምንያህልን ፊርማ ግን ከሺህ እለየዋለሁ። «ም»ዋን ሲጽፍ እንደ ዶማ አጉብጦ ነበር የሚጽፋት፤ ደመወዙን በፈረመ ቁጥር እስቅበት ነበር። እዚያ ወረቀት ላይ ያለችው «ም» ቀጥ ያለች፣ ወገቧን የያዘች ቆንጆ «ም» ናት። ጣቴን አስቀመጥኩባት። ጭራሮ አስፈትቶኝ በብርድ ያንቀጠቀጠኝ ሰው ተራራውን እንዲያፈርሱ ፈቀደ ይላል። አልሳቅኩም ያን ጊዜ። ያን ጊዜ አልሳቅኩም።

ከዚያ ግን ቀና ስል ጸሐፊያችንን አየሁትና... ከዚያ ወዲህ ነው ይኸ ጎኔ የሚወጋኝ። «ልጄ» አልኳት ሶሬቲን፣ «ባሌ መፈረሙን አላወቅኩም። አንድ ቤት ስንኖር የማይደብቀኝ ሰው ነበር፤ ከሄደ በኋላ ጠባዩ ተለውጧል።» ያኔ አዳራሹ ፈነዳ። ይድነቃቸው ከወንበሩ ወደቀ ይላሉ፤ እኔ አላየሁም፣ ዓይኔን እንባ ሸፍኖት ነበር።

ሠላሳ አንድ። ቆጥራለች ልጅቷ። ሠላሳ አንድ ሟች ፈርሟል። ጌታ አልዓዛርን ያስነሣው አንዱን ነው፣ እሱንም አልቅሶ፣ ድንጋዩን አንሡ ብሎ። የኛ ጸሐፊ በአንድ ከሰዓት ሠላሳ አንድ አባወራ አስነሣ፤ ሳያለቅስ፣ ድንጋዩንም ገና ሊያነሣ ነው። ያልሞቱትም ተራ በተራ እየቆሙ «እኔ አልፈረምኩም»፣ «እኔም አልፈረምኩም» አሉ። የሞቱት ናቸው ያላሳፈሩት፤ አንድም አልካደውም። ልጆቻቸው የረሷቸውን ሳይቀር አስታውሶ ስማቸውን አሳምሮ ጽፏል። እስቲ ከኛ ውስጥ ማን ነው ለሙታን እንዲህ የተጨነቀ?

በመጨረሻ «የጽሕፈት ስህተት ነው» አለ። እኔ ተቃወምኩ፣ እውነቴን ነው። ሠላሳ አንዱም ቦታ አንድ ፊደል አልተበላሸም፤ እንዴት ስህተት ይባላል? ሰው ሥራውን ዝቅ አድርጎ መናገር የለበትም። ሶሬቲ ግን ወረቀቱን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ ያቺ ድምፅ የላትም ያልኩሽ ልጅ፣ «ይኸ ለሚመለከተው ይደርሳል። ማመልከቻውን አልቀበልም። ደኑ እንደተጠበቀ ይቆያል» አለች። የድርጅቱ ሰዎች የተረፈውን ውሃ እንኳን ሳይሰበስቡ ወጡ።

ከእድር አስወጣችሁት ወይ ብለሽ እንዳትጨነቂ። ኧረ እንዴት ተብሎ? መዝገቡን ነው የተቀበልነው፣ እጁ እንዲያርፍ ብለን። አባልነቱ አለ። ሰው ብዙ ነገር አጥቶ ሊኖር ይችላል፤ የመጨረሻዋ ቀን ስትመጣ ግን የሚሸከመው ትከሻ፣ የሚሸኘው እግር ያስፈልገዋል። እድር የምንገባው ለሌላ ለምን ነው?

ኧረ መብራቱ መጣ... ጀይላን፣ ቆይ፣ እንዳታስነሣው። በልጆችህ፣ አንድ ደቂቃ። ዋናው ደረሰ።

እማማ ዳርቱን ታውቂያቸዋለሽ፣ ከላይ ከምንጩ አጠገብ ያሉትን አሮጊት። ያ ዳገት ድሮ የባላቸው የአቶ ኤጀታ እርሻ ነበር። ደን ይሁን ሲባል በሬዎቹን ፈትተው ራሳቸው የመጀመሪያውን ጽድ የተከሉ ሰው ናቸው፤ ችግኙን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። አሁን ከተራራው ሥር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው ያረፉት፤ ድማሚቱ ቢተኮስ መጀመሪያ የሚያናውጠው የሳቸውን መቃብር ነው። እሳቸውም ፈርመዋል፤ ቁጥር መቶ አሥራ ሰባት፣ የመጨረሻው። እማማ ዳርቱ የባላቸው ስም ሲጠራ ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። እኛ ስንስቅ አልሳቁም፤ ሰው ሲጮህ አልጮሁም።

ሰው ሊበተን ሲል ጸሐፊያችን አንገቱን ደፍቶ ወደ በሩ ሄደ። ከመደንገጡ የተነሣ ሄልሜቱን ጠረጴዛ ላይ ረሳው። እማማ ዳርቱ ያኔ ነው የተነሡት። በምርኩዛቸው ቀስ እያሉ ሄዱና ሄልሜቱን አነሡት። በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉት፣ እንደ ሕፃን ፊት፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር። «ልጄ፣ ናማ» ብለው ጠሩት። መጣ፤ ምን ያድርግ? ቁመታቸው አልደርስ ሲላቸው ጎንበስ አለላቸው። በሁለት እጃቸው ራሱ ላይ አደረጉለት፣ አስተካከሉለት፣ እናት ልጇን ትምህርት ቤት ስትሸኝ እንደምታደርገው። እሱም የሚታረቁት መስሎት ዓይኑ እንባ አቀረረ። አዳራሹ ሁሉ ቆሞ ያያል። መዳፋቸውን ሄልሜቱ ላይ ጫኑና መረቁት። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ምርቃት ለልጆቼም ሰምቼ አላውቅም።

ቃሏን ሳታጎድዪ ያዣት፣ ቤት ስትገቢ ለእህትሽም ንገሪያት። ለባለቤቷም... ጉንፋኑ ከተሻለው። እማማ ዳርቱ እንዲህ ነው ያሉት፦

«ተባረክ ልጄ። ዕድሜ ይስጥህ። ቀንህ ሲደርስም የፈረሙልህ ሁሉ ወጥተው ይሸኙህ።»